ውሃው ሲወዛ

"ይሄኛውን ደግሞ መረቡ መሃል ሰካው፤ ጭንቅላቱ ወደ ውጭ ይታይ" አለ ሥራ አስኪያጁ። ጫማው እንዳይረጥብ አንዲት ድንጋይ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሌላኛውን እንደ ውሃ ወፍ አንጠልጥሎታል።

አጥማጁ ቀደዳው ዓሣውን በጅራቱ አንስቶ ወደ ጠዋቱ ብርሃን አዞረው። ገና በረዶው አልለቀቀውም። ዓይኑ የተቃጠለ አምፖል መስሏል። ገልበጥ ሲያደርገው ደግሞ ሆዱ ከጉሮሮው ጀምሮ ተተርትሯል፤ አንጀቱ ወጥቶ ውስጡ ታጥቧል፤ ቅርፊቱ እንኳ ተፍቆ አልቋል። ለመጥበሻ የቀረው ጨው ብቻ ነው።

"ጌታዬ፣ ይሄ ዓሣ እኮ ታርዷል።"

"መሞቱን አውቃለሁ። ሕያው ከየት ላምጣልህ?"

"መሞቱስ ይሁን፤ ሞት ለሁሉም ነው። ግን ዛሬ የሚመጡት እንግዶች ፊት መረቤን ስስብ ሆዱ የተከፈተ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ዓሣ ብቅ ሲል ምን ልበላቸው? 'የኛ ሐይቅ ዓሣ ጨዋ ነው፤ ሰው እንዳይቸገር ራሱን ጠርጎ ነው የሚወጣው' ልበል?"

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ ዓሣውን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየው። እሱ ዓሣ የሚያውቀው ከሳህን ወዲህ ነው። ትናንት ሾፌሩን ወደ ሌላ ሐይቅ ገበያ ልኮ "ምርጥ ምርጡን አምጣ" ብሎት ነበር። ሾፌሩም ታዛዥ ሰው ነውና ምርጥ ምርጡን መርጦ፣ አስጠርጎ፣ አስፍቆ፣ በበረዶ ሣጥን ሞልቶ አመጣ።

"ለዚህ አይደል አንተን የመረጥኩህ?" አለ ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ። "እሱ ውሸት አያጣም አሉኝ። አንድ ነገር ፍጠርበት።"

'አንተ' ማለቱ ቀደዳውን ከበረዶው በላይ በረደው። ሰውዬው በዕድሜ ከልጁ ብዙም አይበልጥም።

እውነተኛ ስሙን የምታውቀው እናቱ ብቻ ነበረች ይባላል፤ እሷም ከሞተች ቆይታለች። የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ቀደዳው ይለዋል፣ ወሬ እንደ አቡጀዲ ስለሚቀድ። አንድ ጊዜ አምባዛ መቅዘፊያውን ዋጠበት፤ በማግስቱ አናጢ እንደላገው አለስልሶ መለሰለት። ጉም የበዛበት ቀን ደግሞ መንገድ ጠፍቶት ሲቀዝፍ ሲቀዝፍ ዳር የደረሰው ከትናንት ወዲያ ነው፤ ወርዶም የከትናንት ወዲያውን ምሳ ሁለተኛ በላ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚለው ተረት እሱ ጋ አይሠራም፤ የእሱ እያደር ይወፍራል። ዘንድሮ ክንድ ያከለ ዓሣ ለከርሞ ጀልባ ያክላል።

ግን ሕግ ነበረው። የሸተተ ዓሣ ትኩስ ነው ብሎ ሸጦ አያውቅም። ቀደዳ ማለት ተናጋሪውም ሰሚውም ሐሰት መሆኑን እያወቁ አብረው የሚስቁበት ነገር ነው፤ ከሳቁ በኋላ ሁሉም ኪሱን ቢዳስስ ምንም አይጎድልበትም።

"መረቡ ይቅር" አለ ሥራ አስኪያጁ ትንሽ አስቦ። "ጎህ ሲቀድ ይዤ፣ እዚሁ ጠርጌ ነው በል። ከየት ቢሉህ ከአስፋልት ማደባለቂያችን ቱቦ አፍ። በተለይ ከቱቦው አፍ ማለትህን እንዳትረሳ። ልጅህ ትጠብሰዋለች፣ ሰዎቹ ይበላሉ፣ እኔም አብሬ እበላለሁ፤ አለቀ።"

"ልጄን ምን አመጣት?"

"ጎበዝ ልጅ ናት እኮ። የወጥ ቤት ኃላፊነቱ ቦታ ክፍት ነው።" ፈገግ አለ። "በር ከተከፈተ ደግሞ ለመግቢያም ለመውጫም ይሆናል።"

ይሄን ብሎ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ወጣ። ቀደዳው በረዶ ሣጥኑን ታቅፎ ቀረ። ከባሏ የተለየችው ልጁ ሁለት ልጆቿን ይዛ እሱ ጋ ነው የምትኖረው። ዓሣው ገዢ ካጣ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት፤ ከማደባለቂያው ግቢ ወጥ ቤት በምታመጣው ደመወዝ።

ሥራ አስኪያጁ የሚመራው የአስፋልት ማደባለቂያ ነው። የመንገድ ሥራ ድርጅቱ ሐይቁ ዳር ከተከለው ወዲህ የጭስ ማውጫው ጥቀርሻ ውሃው ላይ ይዘንባል። ሬንጅ የሚያፈሉበት በርሜል የታጠበበት፣ ከመኪኖቹ ሆድ የወጣው የተቃጠለ ዘይት፣ ክረምት ሲሆን ግቢውን ያጠበው ጎርፍ፣ ሁሉም በአንድ ወፍራም ቱቦ ሐይቅ ይገባል። የአጥማጆቹ ማኅበር አቤት ሲል ከርሞ፣ ይኸው ዛሬ ከአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ልትመጣ ነው። ቱቦው ይዘጋ አይዘጋ የሚወሰነው እሷ በምትለው ነው።

ከጀልባዋ ጎን መሬት ላይ ተዘርግቶ መረብ የሚጠግነው ጓደኛው መልህቅ ሁሉንም ሰምቷል። መልህቅ የተባለው ከተቀመጠበት ስለማይነሳ፣ ከተነሳም ስለማይናገር ነው። ዛሬ ግን ቀና አለ።

"ልትዋሽላቸው ነው?"

"ውሸት አይደለም ወንድሜ፣ ቀደዳ ነው።"

"ማንን ሊያስቅ?"

ቀደዳው በረዶ ሣጥኑን ከፍ አድርጎ አቀፈ።

መልህቅ በመርፌው ወደ ቱቦው ጠቆመ። ቀደዳው ማየት አላስፈለገውም። እዚያ ውሃው ይወዛል፤ ሁልጊዜ ይወዛል።

የሐይቁ ሰው ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው አንድ ምልክት አለው። ውሃው አንድ ቦታ ላይ ጸጥ ብሎ እንደ ተቀባ ፊት ሲወዛ፣ ከሥሩ ዓሣ በልቶ ጠግቧል ማለት ነው፤ ስቡ ወደ ላይ ወጥቷል። እዚያ መረብ የጣለ ባዶውን አይመለስም። ቀደዳው በሁሉም ነገር ይቀልዳል፣ በዚህ ግን ቀልዶ አያውቅም። አባቱ ያወረሰው ንብረት ይሄው ብቻ ነው።

ማደባለቂያው ሥራ የጀመረ ሰሞን የቱቦው አፍ ዙሪያ ይወዛ ጀመር። ሰዉም "በረከት መጣ!" ብሎ ጀልባውን ሁሉ ወደዚያ አዞረ። ውሃው ሞቅ ስለሚል እውነትም አምባዛው ይሰበሰብ ነበር። የዓሣ ስብ ነጣ ብሎ እንደሚያብረቀርቅ፣ ይሄኛው ግን እንደ ርግብ አንገት ሐምራዊና አረንጓዴ መሆኑን ሁሉም እያየ፣ መረቡ ሲሞላ ማን ስለ ቀለም ይጨቃጨቃል? ቀጥሎ ከንፈራቸው ንብ እንደ ነደፈው ያበጠ አምባዛዎች መውጣት ጀመሩ። "ከቱቦው ጋር ሲሳሳሙ ነው" ብሎ ቀደዳው አስቋቸዋል። ያበጠውን እየቆረጡ ጣሉ፣ የቀረውን ሸጡ። በኋላ ዓሣው ድስት ውስጥ ናፍጣ ናፍጣ ሲል ገዢ ሸሸ። ያኔ ነው የገባቸው። የአባቶቻቸውን ምልክት ወስዶ ወጥመድ ያደረገባቸው ቱቦው ነው፤ ዓሣ አጥማጁ ተጠመደ።

ወጥ ቤቱ የብረት ጣሪያ ያለው ረጅም አዳራሽ ነው። ልጁ ሽርጧን ታጥቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ክዳኑን ከፍታ አየችና ቢላዋዋን ጣል አደረገችው።

"አባዬ፣ እነዚህ የኛ አይደሉም።"

"እንግዶች ናቸው። ከሩቅ መጥተው ደክሟቸዋል፤ ጥበሻቸው።"

"ከሾፌሩ ነው የተቀበልካቸው አይደል? ሁሌ ከዚያ ነው የሚያመጣው።"

"ሁሌ ስትይ?"

ልጁ ወደ በሩ አየች። ሌላዋ ወጥ ሠሪ ውጭ ድስት ትፈትጋለች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ሥራ አስኪያጁ ከዚህ ሐይቅ የወጣ ዓሣ ወጥ ቤት እንዳይገባ ከከለከለ ዓመት ሊሆነው ነው። 'ሠራተኛ ታምሞ ሥራ እንዳይቆምብን' ብሎ። እሱም ሠራተኞቹም የሌላ ሐይቅ ዓሣ ነው የሚበሉት።"

ቀደዳው በእግሩ በርጩማ ፈልጎ ተቀመጠ።

"ዓመት?"

"ሊሆነው ነው።"

"እኛ ስንጮህ 'ውሃው ንጹሕ ነው፣ ወሬ ነው' የሚለን ሰውዬ?"

"እሱው።"

"አንቺስ? አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተን መንገር ማለት በድምፅ ማጉያ መናገር ማለት አይደል እንዴ? ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ሁሉ ይሰማል፤ ማታ እኔ ከሥራ እወጣለሁ። ልጆቼን ምን ላብላ?"

"ልጆችሽን ዓሣ ታበያለሽ! እኔ ስይዝ የኖርኩትን!" ካለ በኋላ ራሱ የተናገረው ነገር ጆሮው ውስጥ ተመልሶ ገባ። የልጅ ልጆቹ ዓሣ አይበሉም። ሳህኑን ገፋ አድርገው "አንወድም" ይሉታል። እሱም "ምን ዓይነት የአጥማጅ ዘር ናችሁ? እናንተን ከገበያ ነው የገዛናችሁ" እያለ ሲያበሽቃቸው ከርሟል። በልቡ ግን ከፍቶት ነበር።

ልጁ እንደገባው አየች። ሽንኩርቱን አንስታ እንደገና መክተፍ ጀመረች።

"አንወድም በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ" አለች። "ውሸት አስተማርኳቸው። ካንተ ተምሬ።"

"የሰው ልጆችስ?"

ቢላዋው ቆመ። ቀደዳው ወደ ገበያ ያወጣው ዓሣ ሁሉ ዓይኑ ላይ መጣበት። በርካሽ ስለሚሰጥ ደስ ብሏቸው ይገዙ የነበሩት እናቶች፣ 'አንዲት ትንሽ ጨምርልኝ ለሕፃኑ' ይሉ የነበሩት። ማንን እንደሚጠላ ለአፍታ ጠፋው፤ ልጁን፣ ራሱን፣ ያንን ንብ ነድፎት የመሰለ ከንፈር እየቆረጠ የጣለበትን ቢላዋ። ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ በአንድ እግሩ ድንጋይ ላይ የቆመው ሰውዬ ላይ አረፈ። እያወቀ! ባያውቅ እኮ እንደኛ ሞኝ ነው ይባላል። አውቆ፣ ለራሱ ሳህን ዘበኛ አቁሞ፣ ለሌላው ቱቦውን ከፈተ።

"እና ዛሬ ምን ልበል?" አለ።

"የፈለግከውን በል አባዬ። ግን አንተ አፍህን ከከፈትክ እኔ ነገ ይሄን በር አልረግጥም። ያንን አውቀህ በል።"

እንግዶቹ በረፋዱ መጡ። ከሐይቁ ፊት ለፊት ሸራ ተዘርግቶ ጠረጴዛ ተሰናድቷል። ባለሙያዋ ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ ወጣት ሴት ናት፤ በትከሻዋ ትልቅ ቦርሳ ይዛለች። የከተማው ሹም ግን ጫማውም ሆዱም ግብዣ የለመደ ነው። ቀደዳውን ገና ሲያየው ፈገግ አለ፤ በሠርጉም በለቅሶውም ወሬውን ሰምቶለታል።

ልጁ የተጠበሰውን ዓሣ በትልቅ ትሪ አምጥታ አስቀመጠች። አባቷን አላየችውም።

"ይኸው" አለ ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘርግቶ፣ "ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከራሱ ከቱቦው አፍ የተያዘ። ያጠመደው እዚህ አለ። ብሉ፣ እኔም እየበላሁ ነው።" በላም።

ባለሙያዋ አልነካችም። "አባቴ፣ እርስዎ ነዎት የያዙት? ጉበቱና ሐሞቱ የት አለ?"

ቀደዳው ከወጥ ቤቱ ሲወጣ ምን እንደሚል አልወሰነም ነበር። ምላሱ ግን ሳያማክረው ቀደመው፤ የዕድሜ ልክ ልማድ ነው።

"አባ ኮዳ ወሰደብኝ! አንድ አባ ኮዳ አለ፣ ከኛ በፊት ማኅበሩ ውስጥ የገባ። ጉበት ካልሰጡት ጀልባ አያስወጣም። ዛሬ ጭራሽ ቆሞ ሲያስጠርገኝ ነበር። ይሄን በዚህ በኩል ቁረጥ፣ ይሄን በዚያ በኩል እያለ በመንቆሩ ያሳየኛል።"

ሹሙ እስኪያስለው ሳቀ። ባለሙያዋም ፈገግ አለች፤ ግን አልለቀቀችውም።

"የጠየቅኩት በምክንያት ነው። ሬንጅ ሲፈላ፣ ዘይት ሲቃጠል የሚወጣ ነገር አለ። ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን ይባላል።"

"ልጄ፣ ይሄን ስም ቁርስ ያልበላ ሰው አይጨርሰውም።"

"ስሙ ይከብዳል፣ እውነት ነው። ኬሚካሉ በወረቀት ሲሣል ቀለበቶች እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚታየው።"

"ቀለበት አለው? በሉ እንግዲህ፣ ለካ ቀለበት አስሮ ነው ከሐይቃችን ጋር የተጋባው! እኛ ደግሞ ሽማግሌ ሳይላክብን!"

እንደገና ሳቅ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ነገሩ እንዳሰበው እየሄደለት ነው። ባለሙያዋ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቃ ቀጠለች።

"ውሃ ብዙም አያሟሟውም። ከጥቀርሻና ከጭቃ ጋር ተጣብቆ ታች ይተኛል። ጭቃውን ትል ይበላል፣ ትሉን አምባዛ ይበላል። የዓሣው ጉበት ሊያስወግደው ይታገላል፤ የትግሉ ትራፊ ሐሞቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ጉበቱ የሚታመመውም፣ ከንፈሩ ላይ ዕጢ የሚወጣውም በዚህ ነው። ሥጋው ላይ ብዙ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የታጠበ ዓሣ አይመሰክርልኝም።"

"ምስክር ካስፈለገ ውሃው ራሱ አለ" አለ ሥራ አስኪያጁ አፉን እየጠረገ። ወደ ቱቦው አፍ፣ ወደዚያ ሐምራዊና አረንጓዴ ብልጭታ አመለከተ። "ያንን ያያሉ? ዘይት ነው ብለው የከሰሱን ያንን ነው። የዚህ ሐይቅ ሰው ግን ከጥንት ያውቀዋል። ውሃው ሲወዛ ዓሣ ጠግቧል ይላሉ። የዓሣ ስብ ነው! ይጠይቁት፣ አባቱ ያስተማሩት እሱ ነው።"

ቀደዳው ቀና አለ። ይሄን ነገር ማን ነገረው? ለልጁ የነገራት እሱ ነው። ልጁ ወጥ ቤት ውስጥ ለጓደኞቿ አውርታዋለች፤ ወሬው እየተንሸራተተ እዚህ ሰው ጆሮ ደርሷል። አባቱ የሞቱት መረብና ይቺን አንዲት ቃል ትተው ነው። ዓሣውን ወሰደ፣ ገዢውን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ የአባቱን ቃል ወስዶ ቱቦው ላይ ክዳን ሊያደርግበት ነው። ውሸት እንኳ ወግ አለው! ሌላው ቢቀር የራስህን አትዋሽም ወይ?

ከተቀመጠበት ተነሣ።

"ይሄን የምነግራችሁ እውነት ነው" አለ።

ሹሙ ገና ከአሁኑ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀደዳው መቅዘፊያ የዋጠውን አምባዛ ሲያወራ የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው፤ ጉሙንም እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። ሐይቁ ዳር 'ይሄን የምነግራችሁ እውነት ነው' ከተባለ ሆድን ይዞ መጠበቅ ነው።

"እነዚህ ዓሦች ይቺን ሐይቅ አይተዋት አያውቁም። በመኪና ነው የመጡት፣ በበረዶ ሣጥን ተኝተው..."

"ተኝተው!" አለ ሹሙ።

"ይሄ ሰውዬ የኛን ዓሣ ወጥ ቤቱ አያስገባም! መረብ ውስጥ ስካቸው ነው ያለኝ፤ ሆዳቸው ተከፍቶ፣ ቅርፊታቸው ተፍቆ..."

"ፀጉራቸውንም ተበጥረው ይሆናላ!" ሹሙ ዕንባውን በመሐረብ ጠረገ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን እየመታ "አላልኳችሁም? ይሄ ሰው ሲሞትም ቀዶ ነው የሚሞተው!" አለ። ባለሙያዋ እንኳ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ለመያዝ ስትታገል አያት።

ያቺ የባለሙያዋ ሳቅ ናት የጎዳችው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስቅ ኖሮ ሳቅ እንደ ጥፊ ፊት ላይ እንደሚያርፍ አያውቅም ነበር። ትሪውን ገልብጦ ሥራ አስኪያጁ ጭን ላይ ሊያፈሰው ቃጣው። ይሄንንም ቢያደርግ ይስቃሉ። ዞር ሲል ልጁን አየ፤ ባዶ ሳህን እንደያዘች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከሁሉም መሃል ያልሳቀችው እሷ ብቻ ናት። "እውነቱን ነው" ልትል ከንፈሯ ሲላቀቅ አየ። እንዳትናገር ራሱን ነቀነቀባትና ወደ ሐይቁ ወረደ።

"ምን አሉ?" አለው መልህቅ።

"ሳቁ።"

መልህቅ መርፌውን ሰካና ተነሣ። መልህቅ ሲነሳ ማየት ራሱ ወሬ ነበር፤ ቀደዳው ግን አላስተዋለውም። ሁለቱ ጀልባዋን ገፍተው ገቡ። ከላይ፣ ሸራው ሥር፣ ሥራ አስኪያጁ ባለሙያዋን በሞተር ጀልባ ወደ ሐይቁ መሃል፣ ውሃው ወደሚጠራበት ሊወስዳት "በዚህ በኩል ይውረዱ" እያለ ነበር። እሷ ግን ቆማ ወደ ታች ታያለች። ሁለት ሽማግሌዎች በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም እያያቸው፣ በቀጥታ ወደ ቱቦው አፍ ይቀዝፋሉ።

ጠረኑ ከሩቅ ነው የሚቀበለው፤ ትኩስ መንገድ የሚሸተው ዓይነት። ውሃው ወፍሮ መቅዘፊያውን ይይዛል። መረቡን ጣሉ። ሲስቡት ገመዱ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ መዳፋቸውም ጠቆረ። አምባዛ አልጠፋም። ትልቁን መርጠው ጭንቅላቱን በዱላ መቱና ወደ ዳር ተመለሱ።

ባለሙያዋ የሞተር ጀልባውን ትታ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ጠበቀቻቸው። ሹሙም ከኋላዋ እየተደናቀፈ መጣ። ቀደዳው አምባዛውን የጀልባዋ ጠርዝ ላይ አጋደመው። የታችኛው ከንፈሩ የጎመን አበባ መስሎ አብጦ፣ ጫፉ ደም አዝሏል። ሹሙ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እንደተከፈተ ቀረ።

"ሲይዙት አይቻለሁ" አለች ባለሙያዋ። ስትናገር ዓይኑን አላየችውም። "አባቴ፣ ቅድም... ይቅርታ።"

ራሱን ነቀነቀ።

ቦርሳዋን ከፍታ ትንንሽ ጠርሙሶች አወጣች፤ ከዚያ ቆም ብላ ቦርሳዋን በረበረች። "ምላጬን! በር ላይ ዘበኛው ወስዶብኛል። ስለት ግቢ ውስጥ አይገባም ብሎ።"

"የደኅንነት ደንባችን ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ ከላይ እየወረደ። ድንጋዩን ትቶታል፤ ጫማው ጭቃ ገብቷል። "ደግሞ ይሄ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? ሰውዬው ቀልደኛ ነው፤ ከየት እንዳመጣው..."

"ከዚህ ቆመን እያየነው ነው ያወጣው" አለች ባለሙያዋ።

መልህቅ ወገቡን ዳበሰ፤ መረብ መቁረጫው የዛገች ናት። በዚህ ጊዜ ከኋላ እግር ሲረግጥ ተሰማ። ልጁ ናት። ሽርጧን እንደታጠቀች፣ የወጥ ቤቱን ቀጭን ቢላዋ ይዛ ቁልቁለቱን ትወርዳለች።

"ወዴት ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ወደ ሥራሽ! ይልቅ አባትሽን ዝም አስብይልኝ!"

"አባቴን ዝም ያሰኘ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም" አለች። አጠገቡ ስትደርስ ደግሞ ቆም ብላ አየችው። "አሁን ግን ዝም ብሏል እኮ። ይልቅ ያስደነገጥዎት ዝምታው ነው።"

ቀደዳው ቢላዋውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ቢቀበላት ነገሩ የእሱ ብቻ ይሆናል። 'ዕቃ አቀብዬ ነው' ብላ ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች፤ ሰውዬው ተቆጥቶ ይተዋታል፤ ልጆቹም የሚበሉት አያጡም። እሷ ግን እጀታውን አልለቀቀችም።

"ሐሞቱ መፍረጥ የለበትም" አለች ባለሙያዋ። "የለመደ እጅ ቢሆን ይሻላል። ማን ይክፈተው?"

"እኔ" አለች ልጁ። ዓይኗ ግን አባቷ ላይ ነው።

ሥራ አስኪያጁ እዚያው ቆሞ ያያቸዋል፤ ማን ምን እንዳደረገ እየመዘገበ መሆኑ ፊቱ ላይ ይነበባል። 'ተመለሺ' የሚለው ቃል ቀደዳው ጉሮሮ ድረስ መጥቶ ነበር።

እጁን መለሰ። ጀልባዋ ውስጥ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት፤ አምባዛውን ጭንቅላቱንና ጅራቱን በሁለት ጥቁር መዳፉ አጥብቆ ያዘላት።

"የተያዘበት ቦታ?" ባለሙያዋ ጠርሙሱ ላይ ልትጽፍ ብዕሯን አወጣች።

አንድ የሚያምር ቀደዳ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠው።

"ከቱቦው አፍ" አለ። ወዲያው ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከታች ጀምሪ። ጉበቱ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ።"